ሊጡ ላይ የቀሩ ጣቶች

ተቀባይዋ የጥርስ ክሊኒኩን በር የከፈተችው እያዛጋች ነበር። ጫማዋን ቀይራ፣ ጋዋኗን ለብሳ፣ መጋረጃ ልትገልጥ ወደ ሕክምናው ክፍል ስትገባ ትልቁ ሐኪም የታካሚ ወንበር ላይ ተንጋለው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ እዚሁ አደሩ እንዴ?»

መጋረጃውን ሳብ አደረገችው። አፋቸው እንደተከፈተ ቀርቷል። ከከንፈራቸው ጀምሮ እስከ ጉሮሯቸው ድረስ ሮዝ ሊጥ ሞልቶበት ረግቷል፤ ልኬት የሚወሰድበት ብረት እጀታው ብቻ ከጥርሳቸው መሃል ወጥቶ ይታያል። ዓይናቸው አልተከደነም።

አልጮኸችም። ዓይኗን ከሳቸው ሳታነሳ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ወጣች። ከደጃፉ እንዳለፈች የእግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ለፖሊስ የደወለው ጎረቤቱ መነጽር ሻጭ ነው።

ኢንስፔክተሯ ከረዳቷ ከሳጅኑ ጋር ስትደርስ ቀድሞ የተቀበላት የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ነበር፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ። በልጅነቷ እጅና እግሯን ይዘው ጥርሷን ከነቀሏት ወዲህ እንዲህ ያለ ቤት ረግጣ አታውቅም። የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ተሰብሮ ሲያማት እንኳ ቅርንፉድ ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ትውላለች እንጂ ሐኪም ዘንድ አልሄደችም። አሁን ግን ወንበሩ አጠገብ ቆማ የሟቹን አፍ ማየት ነበረባት።

«ታንቀው ነው» አለ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም። «ሊጡ የአየር መተላለፊያውን ዘግቶታል። አንድ ሰው ብረቱን ከላይ ተጭኖ ይዞታል፤ ከንፈራቸው ከውስጥ ተቀዷል።»

ሳጅኑ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉን ሲፈትሽ ቆየና የመሣሪያ መቀቀያው ማሽን ጀርባ እጁን ሰደደ። የጨበጣት ነገር ከዶሮ እንቁላል ብዙም አትበልጥም። ሮዝ ናት፤ እንደ ድንጋይ ጠንክራለች። ስታያት ሰው በመዳፉ ጨምቆ የጣላት መሆኗ ያስታውቃል፤ የአራት ጣትና የአውራ ጣት ማረፊያ ጉድጓድ አለባት።

«ይኸው እጁን ትቶልን ሄዷል» አለ ሳጅኑ።

«አሻራ ይወጣዋል?»

ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አያት። «ላይዋ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። አሻራ የለም። የጣቱ መጠን ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጭን ነው። የሴት እጅ ይመስላል።»

ክሊኒኩ ሁለት ሐኪሞች ነበሩት። ሟቹን ታካሚዎች በፍቅር «ጋሽ ጉጠት» ይሏቸዋል፤ ጥርስ ሲነቅሉ ቀልድ እያወሩ ስለነበር ሰው መነቀሉን የሚያውቀው ሲጨርሱ ነው ይባላል። ሁለተኛው እሳቸው እጅ ላይ ሙያውን ያጠናከረ ወጣት ሐኪም ነው። ቁመቱ በሩን ይሞላል። ኢንስፔክተሯ ስታነጋግረው ዓይኑ በለቅሶ አብጦ ነበር።

«ትላንት ከጋሼ ቀድሜ ነው የወጣሁት። እህቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ልጇ አሟት ነበር» አላት። «ባልወጣ ኖሮ…»

«ይህ ሊጥ ምንድነው?»

«አልጂኔት ይባላል። ዱቄት ነው፤ በውሃ እንበጠብጠዋለን። አፍ ውስጥ ረግቶ የጥርሱን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። እዚያ ላይ ጄሶ አፍስሰን የሰውየውን መንጋጋ አምሳያ እንሠራለን።»

«ለመርጋት ይቆያል?»

«እንደ ውሃው ነው። በቀዝቃዛ ከተበጠበጠ ይዘገያል። በሙቅ ውሃ ከሆነ ግን ወዲያው ነው።» ትንሽ አቅማማ። «ጋሼ አፍ ውስጥ ያለው ውስጡ ጓል ጓል አለበት፤ በደንብ ሳይላቆጥ የረጋ ነው። በሙቅ ውሃ ነው የተበጠበጠው። እሳቸው ለመትፋት ፋታ አላገኙም።»

«እንግዲያ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ወይም በየቀኑ ሲበጠበጥ የሚያይ ሰው» አለና አንገቱን ደፋ።

ኢንስፔክተሯ በፕላስቲክ የታሸገችውን ቁራጭ አሳየችው። ሳይነካት አያት።

«የዚህች ቅርጽ ይታመናል?»

«ኢንስፔክተር፣ እኛ የሰው አፍ የምንሠራው በዚህ ተማምነን ነው። የያዘውን እንደያዘ ይቀራል። ሰው ይዋሻል፤ ይህ አይዋሽም።»

ይህን ቃል ሳጅኑ ወደደው። ቀኑን ሙሉ ሲደጋግመው ዋለ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በዚያው ሳምንት ክሊኒኩ ድረስ መጥቶ «አንቆ የሚገድልህ ሰው ታገኛለህ» ብሎ ትልቁ ሐኪም ላይ መጮኹን ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ኢንስፔክተሯ መናኸሪያ ሄዳ ስታገኘው ከመሪው ላይ ወርዶ ፊት ለፊቷ ቆመ። የፊት ጥርስ የለውም።

«እመቤቴ፣ አፍ ነው፤ አፍ ያመጣው ነው። እኔ ዶሮ እንኳ አላርድም።»

«ለምን ዛትክባቸው?»

«ያስገቡልኝ ጥርስ ድዴን እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ። ከንፈሬ አበጠ። መተንፈስ ሁሉ ሲያቅተኝ አውልቄ ይዤ ሄድኩ።»

«እሳቸው ናቸው የሠሩልህ?»

«ትንሹ ነው የሠራው። የጮኽኩት ግን ትልቁ ላይ ነው፤ አለቃ አይደሉ? እሳቸው አልተቆጡኝም። ጥርሱን ተቀብለው አሸተቱት። እንዳሸተቱት ፊታቸው ጠቆረ። ‹እኔ ራሴ እንደገና እሠራልሃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ› አሉኝ። ስወጣ አፈርኩ።»

ሐኪሙ በሞቱበት ምሽት ሹፌሩ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዞ ወደ ሌላ ከተማ እየነዳ ነበር። ተሳፋሪዎቹም ረዳቱም መሰከሩለት። ኢንስፔክተሯ ለቀቀችው።

ከዚያ የሟቹ ባለቤት ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ሐዘንተኛውን ሁሉ ከክፍሉ አስወጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ልጄ፣ ባለቤቴ ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረውም» አለቻት። «‹አንዲት እናት ጉሮሮዋ አብጦ ሞተች፤ ከኛ ቤት በወጣ ጥፋት ነው› አለኝ። ማን አጠፋ ስለው፣ ‹ያጠፋው ራሱ ይናገር፤ መጀመሪያ ለሱ ልንገረው› አለ። ስም አልጠራም። ሰው ማማት አይወድም ነበር።»

«ከሠራተኞቹ ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?»

«የሚጣላ ሰው አይደለም። ያቺን ተቀባይ ብቻ ዕቃ በደንብ አላጠበችም ብሎ ሲገስጻት ሰምቻለሁ። እሷም አልቅሳለች።»

ኢንስፔክተሯ እየወጣች ይህን ከሌላው ጋር አገናኘችው። ቁልፍ የያዘችው ተቀባይዋ ናት። የሊጡን ሳህን የምታጥበው፣ ሐኪሞቹ ሲጣደፉ ዱቄቱን የምትበጠብጠው እሷ ናት። በዚያ ምሽት ብቻዬን ቤቴ ነበርኩ ትላለች፤ ያያት ሰው ግን የለም። ደግሞም እጇ ትንሽ ነው።

ተቀባይዋን ጣቢያ ጠርተው ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት።

«ጣትሽን አስገቢ» አላት ሳጅኑ።

«ምንድነው?»

«አስገቢ።»

ስታመነታ ሳጅኑ አንጓዋን ይዞ ረዳት። ሌባ ጣቷ ገባ። የመሃል ጣቷ ገባ። የቀለበት ጣቷ ገባ። እንደ ሰገባና ጎራዴ ልክክ አሉ። ትንሿ ጣቷ ብቻ ጉድጓዷ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ተጣማ ነው የገባችው። «ስለፈራች ነው፣ ተኮማትራ ነው» አለ ሳጅኑ። ኢንስፔክተሯ የልጅቷን ፊት እያየች ነበር። ተቀባይዋ የራሷን እጅ የምትመለከተው አልጋው ውስጥ እባብ እንዳገኘ ሰው ነው።

«ይኼ የኔ እጅ ነው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

እዚያው ጣቢያ ታሰረች። እናቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣቢያው በር ላይ ካለው የድንጋይ አግዳሚ አልተነሳችም። የሚያልፍ የሚያገድመው ጣቱን ይቀስርባታል፤ አንዳንዱም ልጆቹን ይዞ ወደ ማዶ ይሻገራል። የክሊኒኩ ታካሚዎች ደግሞ አንድ በአንድ ቀሩ። አፍን ለሰው ከፍቶ መተኛት ድንገት አስፈሪ ነገር ሆነ።

ኢንስፔክተሯንም አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር። ዕቃ አላጠብሽም ተብላ የተገሰጸች ልጅ አለቃዋን አንቃ ትገድላለች? ጉሮሮዋ አብጦ የሞተችው እናትስ? ተቀባይ ሰውን በምን ታሳብጣለች? ይህን እያሰበች ሳለ መንጋጋዋን ዕረፍት የማይሰጥ ሕመም ጀመራት። ጉንጯ አበጠ። የምስክርነት ቃሉን ለማስፈረም ከሳጅኑ ጋር ወደ ክሊኒኩ ስትሄድ ወጣቱ ሐኪም ገና ከበሩ አይቷት አዘነላት።

«ኢንስፔክተር፣ ይህ እኮ ወደ ደም ይገባል። አንድ ደቂቃ ይቀመጡ፣ ልየው።»

«ሌላ ጊዜ።»

«ፈርተው ነው አይደል?» ፈገግ አለ። «ሽጉጥ የታጠቀ ሰው መርፌ ሲፈራ ደስ ይለኛል፤ እኩል እንሆናለን።»

ሳጅኑ ሳቀ። እሷም የሳጅኑ ሳቅ አሳፍሯት ገባች። ወንበሩ አዲስ ነው፣ ያኛው በኤግዚቢትነት ተወስዷል፤ የቆመው ግን እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሳጅኑ መጠባበቂያው ክፍል ቀረ። ሐኪሙ መርፌ ወጋት፣ የተበላሸውን አጸዳ፣ በእርግጥም እጁ የረጋ ነበር። ከዚያ ለተሰበረው ጥርሷ የሸክላ ሽፋን እንደሚያስፈልጋትና ልኬት እንደሚወስድ ነገራት። በተቀባይዋ ቦታ የተቀጠረች አንዲት ጎልማሳ ሴት ዱቄቱን በጠበጠች። መጀመሪያ የታችኛውን መንጋጋ ወሰደ፤ ቀላል ነበር። አውጥቶ ለሴትዮዋ ሰጣትና ለላይኛው አዲስ ሊጥ በብረቱ ላይ ሞልቶ መጣ።

«በአፍንጫዎ ይተንፍሱ። ምራቅ ከመጣ ይፍሰስ፣ ግድ የለም።»

ብረቱ ገባ። ቀዝቃዛው ሊጥ ላንቃዋን ሞልቶ ወደ ጉሮሮዋ ተንሸራተተ። የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨበጠች። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ብረቱን ወደ ላይ ደግፎ ያዘ። ፊቱ ከፊቷ በላይ ነው። ትንሿ ጣቱ ከሌሎቹ ተነጥላ ወደ ውጭ ማዘንበሏን ያየችው ያኔ ነው፤ ድሮ ተሰብራ ጠማማ የገጠመች ትመስላለች።

በዚህ መሃል ሴትዮዋ የታችኛውን ልኬት ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አስቀምጣ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ሐኪሙ በዓይኑ ጥግ አያትና ተናደደ።

«ኧረ እሜቴ፣ ምነው? በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚው እንጂ። ከፀሐይ አንሺው። ሲደርቅ እኮ ተኮማትሮ ግማሽ ይሆናል፤ በምን ልሠራ ነው ከዚያ?»

ሴትዮዋ ተደናግጣ ጨርቅ አነሳች። እሱም ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

የተናገረውን የሰሙት እኩል ነው። እሷ አፏ ተሞልቷል፤ መናገር አትችልም። ግን ዓይኗን ማዞር ነበረባትና አላዞረችም። ሮዟ ቁራጭ የተገኘችው የሚግለው የመሣሪያ መቀቀያ ማሽን ጀርባ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ደርቃለች። የያዘውን እንደያዘ ይቀራል ያላት ይኸው ሰው ነው።

ሐኪሙ ለሴትዮዋ «ሂጂ ጓዳ ጄሶ አምጪ» አላት። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

ሴትዮዋ ወጣች። በሩ ተዘጋ።

«ሰማሽኝ» አለ።

እርስዎ ማለቱን ትቷል። ጣቶቹ ብረቱን ይበልጥ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ገፉት። ሊጡ መርጋት ጀምሯል፤ ምላሷ ሥር እየጠነከረ ሲሄድ ይሰማታል። አፍንጫዋ ባንድ በኩል ተደፍኗል፤ በቀረው ቀጭን አየር ትስባለች። ጋሽ ጉጠት በዚህ ዓይነት ወደ ላይ እያዩ፣ የሚያውቁትን ፊት እያዩ እንደሞቱ አሰበች። ሰውነቷ ሁሉ ለመጮህ ፈለገ፤ የወጣው ግን የታፈነ ማቃሰት ብቻ ነው።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አላት። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። «አንድ ጊዜ ነው። አንድ ጊዜ ነው የፈራሁት።»

እግሯ ነጻ ነበር። የመሣሪያውን ጠረጴዛ ባላት ኃይል ረገጠችው። ጉጠቱ፣ መስታወቱ፣ የብረት ሳህኑ ወለሉ ላይ ተበተነ። በዚያው ቅጽበት አንጓውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጠማማዋን ጣት ወደ ኋላ ቆለመመቻት። ሐኪሙ ለቀቃት። ሳጅኑ በሩን በትከሻው በርግዶ ሲገባ ሐኪሙ ግድግዳው ሥር ቆሞ እጆቹን እያያቸው ነበር፤ እሷ ደግሞ ወንበሩ ላይ ቀና ብላ ብረቱን ከአፏ እየነቀለች ነበር። መጀመሪያ የተነፈሰችው ትንፋሽ እንደ ልቅሶ ወጣ። ከዚያ መናገር ስላቃታት በጣቷ ወደሱ አመለከተች።

በማግስቱ ከክሊኒኩ የመጣው ዱቄት ጣቢያው ውስጥ ተበጠበጠ። ሳጅኑ ሰፊ መዳፉን ጨብጦ አንድ ቁራጭ ሠራ። ያቺ ቁራጭ በጋለ ማሽን ጀርባ አደረች። ሲያነሷት ግማሽ ሆና ተሰነጣጥቃለች። ኢንስፔክተሯ ቀጫጭን ጣቶቿን በሳጅኑ ጉድጓዶች ውስጥ አስገባች። ልክክ አሉ።

ሳጅኑ ጣቶቿን አያቸው። «ልጅቷን እጇን ይዤ ነው ያስገባሁት» አለ።

ውሃ ነው ነገሩ። ያ ሊጥ አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ አየር ላይ ሲውል ውሃውን እየተፋ ይሰበሰባል። የእጅ ጉድጓዱም አብሮት ይጠብባል። ወጣቱ ሐኪም ራሱም እንዲጨብጥ ተጠይቆ ያለ ክርክር ጨበጠ። የሱም ሲደርቅ ከኤግዚቢቱ አጠገብ አስቀመጡት፤ ትንሿ ጣት በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አዘንብላለች። እህቱም እንደገና ስትጠየቅ፣ በዚያ ምሽት ለልጇ መድኃኒት ልግዛ ብሎ ወጥቶ መቆየቱን አመነች። ፋርማሲው ክሊኒኩ መንገድ ላይ ነው።

«ጉሮሮዋ አብጦ ስለሞተችው እናት ንገረኝ» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«ሰው ሠራሽ ጥርስ ከዱቄትና ከፈሳሽ ነው የሚሠራው» አለ። ድምፁ ደክሟል። «ሁለቱ ሲደባለቁ ሊጥ ይሆናል፤ ከዚያ በውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ሰዓት መብሰል አለበት። ካልበሰለ ፈሳሹ ውስጡ ይቀራል። ሽታ አለው። ድድ ያቃጥላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ጉሮሮው ያብጣል። እኔ አቻኩለው ነበር። ሰው ይበዛል፣ ሁሉም ዛሬ ይድረስልኝ ይላል። አንድ ጊዜ አቻኮልኩ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ለመድኩት።»

«ሴትዮዋስ?»

«ሲያብጣት ልጆቿ ደወሉልኝ። ‹አዲስ ስለሆነ ነው፣ አታውልቁት፣ ትለምደዋለች› አልኳቸው።»

ፊቱን በመዳፉ ጠርጎ ቀጠለ።

«ጋሼ የሹፌሩን ጥርስ ሲያሸቱ ገባቸው። በሞቱበት ምሽት ከእህቴ ቤት ጠሩኝ። አልጮኹብኝም። ‹ነገ ልጆቿ ፊት ትቆማለህ፤ እኔም አብሬህ እቆማለሁ› አሉኝ።»

«አብሬህ እቆማለሁ ነው ያሉህ?»

«አዎ። ከዚያ ‹ና እንግዲህ፣ እዚህ እስካለን ያቺን ሳላሠራት የቆየሁትን ጥርሴን ልኬት ውሰድልኝ› ብለው ወንበሩ ላይ ወጡ። እያጽናኑኝ ነበር እኮ። ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱልኝ። ሙቁን ውሃ ስቀዳ ገና አልቆረጥኩም ነበር። ስይዛቸው ነው ዓይናቸውን የገለጡት። የተረፈው ሊጥ ሌላኛው እጄ ውስጥ ነበር፤ ጨምቄ የት እንደጣልኩት አላውቅም።»

«ለምን?»

«ፈራሁ» አለ።

ኢንስፔክተሯ ተቀባይዋን ለማስፈታት ራሷ ወረደች። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ቀብራለች። ዘቡ፣ እጇን አውጥታ ምግብ እንኳ የምትበላው ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው አለ።

«ነጻ ነሽ። ገዳዩ ተገኝቷል፤ አምኗል።»

ልጅቷ አልተነሳችም። «ገጠመኝ እኮ» አለች።

«ሲደርቅ ስለሚያንስ ነው። የኔም ይገጥማል።»

«ቁጭ ብዬ ሳስበው… እጄ ከገጠመ፣ ምናልባት እኔ ነኝ ማለት ጀምሬ ነበር። ተኝቼ ሄጄ ይሆን? አንድ ነገር አሞኝ ይሆን? ሌሊት ሌሊት ጋሼን ሳንቃቸው ይታየኛል፤ ሁሉንም ነገር፣ ብረቱን ስይዝ ሁሉ። ትንሽ ቢቆይ እፈርምላችሁ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ አላደረግሽም» አለቻት።

«ይድገሙልኝ።»

«አንቺ አላደረግሽም።»

ልጅቷ አንድ እጇን ከብብቷ አወጣች፤ ቀጥሎ ሌላውን። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

«እማዬ ውጭ ናት?»

«አግዳሚው ላይ ናት።»

«ሰው አለ አጠገቧ?»

«አይጠፋም።»

«እዚያ ወጥተው ይበሉልኝ። ጮክ ብለው። ሰው እየሰማ።»

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ልጅቷን ደግፋ አነሳቻት። መተላለፊያውን አልፈው፣ የዘቡን ክፍል አልፈው በሩ ላይ ወጡ። ፀሐይ ነበር። አቤቱታ ያመጡ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ መነጽር ሻጩም በሆነ ጉዳይ መጥቶ መሃላቸው ቆሟል። እናትየዋ ከአግዳሚው ብድግ ስትል ነጠላዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

ኢንስፔክተሯ በሕይወቷ ሙሉ በሕዝብ ፊት መናገር የምታፍር ሴት ነበረች። ጉንጯም ገና አልሟሸሸም። ጉሮሮዋን ጠራረገችና ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እናቴ፣ ልጅዎ አላደረገችም። የተሳሳትነው እኛ ነን።»